ለጋሽ ቡልቻ የነፋሁበት ጠዋት

አቃቂ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘአማኑኤል አሻግሬ
ሎጊያ

ውድ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ፀሐዩ በረድ ያለበት ሰዓት ቢሆንና ጥላ ያለው ቦታ አግኝተህ ብታነበው ደስ ይለኛል፤ ረዘም ያለ ነው። ስደውልልህ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ይቋረጣል። የምታቋርጠው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ በዚህ አልቆጣህም። ደህና መሆንህን የማውቀው በእህትህ በኩል ነው። ሩት “ለእማዬ እንዳትነግሪ” ያልካትን አልነገረችኝም፤ ቃሏን ጠብቃለች። የአንተ መልእክት ሲመጣ ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ትተወውና ልብስ ላሰጣ ብላ ትወጣለች። ስትመለስ አየሽው ወይ ብላም አትጠይቅም። ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ እንደምታወርድ፣ በሙቀቱ ምክንያት በረንዳ ላይ እንደምትተኛ ያወቅኩት እንዲህ ነው።

እኛ ደህና ነን። ውሃ አሁን የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሆኗል። ሩት የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሳለች። ስታጠና አልጋህ ላይ ትቀመጣለች እንጂ አልጋህን ከቦታው አላነሳነውም። እኔም ሥራ እየገባሁ ነው፤ እንደ ወትሮው የፋብሪካው በር ጥበቃ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፍልህም ስለዚያ በር ነው።

መጀመሪያ መስማት የማትፈልገውን ልንገርህ። ፎቶህ አሁንም በሩ አጠገብ ባለው የጥፋተኞች ሰሌዳ ላይ ነው። የሚሰቀልበት ሠላሳ ቀን የሚያልቀው ታኅሣሥ 13 ነው። ነጩ ግድግዳ ሥር ቆመህ ዓይንህን ከደን አድርገሃል፤ ከሥርህ ስምህ፣ የሥራ ክፍልህና 0.86 የሚለው የአልኮል መጠን ተጽፏል። ከጉንጭህ አጠገብ ደግሞ ሰማያዊ የጥበቃ እጅጌ ያለው እጅ የትንፋሽ መመርመሪያውን ይዞ ይታያል። የደህንነት ኃላፊው ስልኩን ደግኖ “ቁጥሩ እንዲነበብ ወደ ፊቱ አስጠጊው” አለኝ፤ አስጠጋሁት። ቀለበቴ ሳይቀር ይታያል። ሠራተኛው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ታክሲ ውስጥ አሁን አሁን ያንን እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምቀመጠው፤ ለረዳቱ ሂሳብ የምሰጠውም በግራዬ ነው።

ከፋብሪካው ቴሌግራም ወስደው ቲክቶክ ላይ የለቀቁትን ሩት አሳይታኛለች። አንዱ የሳቅ ድምፅ ጨምሮበታል። ሌላው “ጀግና እናት” ብሎ አበባ ደርድሮበታል። ከሁለቱ የትኛው እንዳመመኝ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ለልጇም አላዳላችም ተብሎ ሽልማት እንደተወሰነልኝ ሰምተህ፣ ስትሄድ ለሩት “እናትሽን ለሽልማቷ እንኳን ደስ ያለሽ በያት” ብለሃት ነበር። አድርሳልኛለች።

ያን ዓርብ ጠዋት የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አንተ ግን ከሰልፉ ውስጥ ሆነህ ነው ያየኸው። እኔ ከቆምኩበት ልንገርህ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። ማኅበራችሁ ጽዋ እንደነበረው አውቃለሁ፤ ዳቦውን የደፋሁላችሁ እኔ ነኝ። ጽዋው ካበቃ በኋላ ከእነማን ጋር ወዴት እንደሄድክ ግን አላወቅኩም፤ ቤት አልገባህም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ መጣህ። ከሰልፉ ስድስተኛ ነበርክ፤ አራተኛው ሰው ሲነፋ ያንተ ጠረን ደረሰኝ።

ደንቡ የሚመረመረው ሰው ዘመድ ከሆነ ሌላ ጥበቃ ይመርምረው ይላል። አደሴ አብሮኝ ተረኛ ነበር። ቀረብ አለና “መሰሉ፣ አንቺ ሻይሽን ጠጪ፤ ልጁን ለእኔ ተዪው” አለኝ። አደሴ ደግ ሰው ነው። እኔ ዞር ስል ፊሽካውን ወደ ራሱ አፍ እንደሚያዞረው፣ ንጹሕ ትንፋሹን ነፍቶልህ እንደሚያስገባህ አውቄያለሁ። መመርመሪያውን ፊሽካ ብለን ስንጠራው ትስቁብን ነበር፤ አንዳችን ለሌላው ስንነፋበት ግን ማንም አልሳቀም። ደንቡን ያፈረስኩት ለዚህ ነው፤ ደንቡን ባከብር ኖሮ ትገባ ነበር።

ተራህ ሲደርስ ጎንበስ አልክና በጆሮዬ፣

“ለጋሽ ቡልቻ የነፋሽላቸውን ለእኔም ንፊልኝ፣ እማዬ” አልከኝ።

“ንፋ” አልኩህ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ጋሽ ቡልቻ ነግረውሃል ማለት ነው። መቼና የት እንደነገሩህ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለታችሁም ሞቅ ብሏችሁ ይሆናል። የነገሩህ ግን ግማሹን እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ሙሉውን ብታውቅ ኖሮ ያንን ቃል በጆሮዬ አትለውም ነበር። አንተን እንደዚያ አድርጌ አላሳደግኩህም፤ አንተም እንደዚያ ያለ ሰው አይደለህም።

ፊሽካው በሩ ላይ የተቀመጠው ከአራት ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰሌዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠጥቶ የመጣውን ሰው “ዛሬ አሞሃል፤ ሂድና ተኛ” ብለን እንመልሰው ነበር። ይቆጣል፣ ይለምናል፣ በመጨረሻ ይሄዳል። በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፤ ጓደኞቹ ሁለት ቀን ይቀልዱበታል፣ ያበቃል። ከዚያ ሰሌዳው መጣ። ያመጡት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ናቸው አልልም። ሰው እንዲፈራ ነው ያሉት፤ ሰውም ፈራ። ከሁሉም አብልጠን የፈራነው ግን እኛ የበሩ ጥበቃዎች ነን። ከዚያ ወዲያ አንድን አባወራ ከበር መመለስ ፊቱን ለሠላሳ ቀን ለሰፈሩ ማሳየት ሆነ። የሠራተኛው ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ማዘን ጀመርን፤ ማዘናችንም እንዲህ ሆነ፣ እንነፋላቸው ጀመር። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ጥበቃ ለሠራተኛ ሲነፋ አንድም ቀን አላየሁም። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ተናግሬ አላውቅም።

ጥር 15 ቀን 2015 ሰኞ ነበር። እሑዱን የጋሽ ቡልቻ ልጅ የፌኔት መልስ ስለነበር ሁላችንም እዚያው ዋልን፤ አንተም ወንበር ስትመልስ አመሸህ። ጋሽ ቡልቻ ጠዋት የመጡት ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነው። አፋቸውን ግን በእጃቸው ከልለዋል። በሩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ።

“መሰሉ” አሉኝ፣ “ትናንት ልጅ የዳርኩ ሰው ነኝ። አማቾቼ በዚህ በር ያልፋሉ። በዚህ ዕድሜዬ አትስቀዪኝ።”

አባትህ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ለቀስተኛውን ሦስት ቀን ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። አንተን ክሬኑ ላይ አውጥተው ሥራ ያስተማሩህ፣ “ይህ ልጅ እጁ ረጋ ያለ ነው” ብለው ለኃላፊዎቹ የመሰከሩልህም እሳቸው ናቸው። ፊሽካውን ወደ አፌ አዞርኩና ነፋሁ። መዝገቡ ላይ ከስማቸው አንጻር ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። “እግዜር ይስጥሽ” ብለውኝ ገቡ።

እስከዚህ ነግረውሃል። ቀኑን ነው ያልነገሩህ። እሳቸው በክሬን ያነሡት የፌሮ እስር ጂራታ እግር ላይ የወረደው በዚያው ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

አንተ ያን ሳምንት የከሰዓት ፈረቃ ነበርክ፤ ስትመጣ ወለሉ ታጥቦ ነበር። ጂራታ ከታች ሆኖ ጭነቱን የሚያስረው፣ ለክሬኑ በእጁ ምልክት የሚሰጠው ልጅ እንደነበር ታስታውሳለህ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ከዚያ ምርመራ ተደረገ። መዝገቡን አስመጡና አዩት፤ ከጋሽ ቡልቻ ስም አንጻር ዜሮ ይላል። ክሬኑ አልተበላሸም፣ ነጂው አልጠጣም፤ እንግዲያው ጥፋቱ የልጁ ነው ብለው ደመደሙ። በክራንች አቁመው ፎቶ አነሡትና ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት። “ከጭነት ሥር በመቆም ራሱን ለአደጋ ያጋለጠ” የሚል ነበር የተጻፈበት፤ ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ተብሎ። እኔ ሠላሳውን ቀን ከዚያ ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ነበር።

አሁን በጆሮዬ ያልከኝን እንዴት እንደሰማሁት የሚገባህ ይመስለኛል። ከኋላህ ጭነት የሚያስሩ ሁለት ልጆች ተሰልፈው ነበር፤ አንደኛው ገና እያዛጋ ነበር። አንተ ከላይ ስትሠራ እነሱ ከሥር ናቸው። እኔ ያየሁት እነሱን ነው።

ስለ አባትህ አሟሟት ምንም አልጽፍም። ፍሬን ነው ተብሏል፤ ፍሬን ይሁን። ያን ቀን መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ ግን አንድም ሰው አላስቆመውም።

ከሄድክ በኋላ በነበረው እሑድ ጂራታ ጋ ሄድኩ። ቃሊቲ፣ የባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ሥር የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ከእግሩ በኋላ ያገኘው ሥራ ይህ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ሽፋን ከእሱ እገዛ ስለነበር ሩት “እማዬ፣ ስንት ስልክ ነው ያለሽ?” እያለች ትስቅብኝ ነበር። የዚያን ቀን ሳልገዛ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሽፋኖቹን በቀለም በቀለማቸው እየደረደረ ሰማኝ። ስጨርስ የመጨረሻውን ሽፋን በቦታው አስቀመጠ።

“እኔም ሸቶኝ ነበር” አለኝ በመጨረሻ። “መሰላሉን ሲወጡ ደግፌያቸዋለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።”

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ።

“እኔን ተዪኝ፣ እትዬ መሰለች። ለእናቴ ንገሪያት።”

ለምን እንዳለኝ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። እናቱ አለሚቱ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ተቀመጪ አለችኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጋሽ ቡልቻም ስለ እኔም አልነበረም።

“ልጄ ከጭነት ሥር አልቆመም?” አለችኝ።

“አልቆመም። የቆመው በቦታው ነው፤ ጭነቱ ነው የመጣበት።”

“እስቲ ድገሚው።”

ደገምኩላት። ለካ ይህች ሴት ጂራታ በዚያ ደረጃ በክራንች በወጣ በወረደ ቁጥር “ተጠንቀቅ ስልህ አትሰማም ነበር” ትለው ኖሯል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምና ነው፤ ለምን አታምንም? ማኅተም ነበረበት። ግድግዳውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተችልኝ፤ እኔም ወጣሁ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ቡልቻ ጋም ሄጃለሁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከስተዋል። አብሬያቸው ሳልመክር መናገር ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ሰኞ የፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንደምናገር ነገርኳቸው። ብዙ ተለማመጡኝ፤ የልጅ ልጅ ማየታቸውን፣ በሰፈሩ በሽምግልና መቀመጣቸውን ነገሩኝ።

“ትንሽ ታገሺኝ። ከሞትኩ በኋላ ተናገሪ፤ ብዙም አልቆይ” አሉኝ።

“እርስዎ መቼ እንደሚሞቱ አላውቅም፣ ጋሼ። ኮሚቴው ሰኞ ነው የሚሰበሰበው” አልኳቸው።

ሳቅ አመለጣቸው፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ይምጡ ይቅሩ አላውቅም። አላስገደድኳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጉዳይህን የሚያየው ሰኞ ኅዳር 30 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩን ተወካይ ጠይቄዋለሁ። ካልመጣህ በሌለህበት ያሰናብቱሃል፤ ሌላ ቦታም ክሬን ላይ አትወጣም። ከመጣህ የመጀመሪያ ጥፋትህ ስለሆነ ለጥቂት ወራት መሬት ላይ አሠርተው፣ በየሳምንቱ እየመረመሩ ሊመልሱህ ይችላሉ። ይችላሉ ነው ያለኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አላለም።

በዚያ ቀን የምመሰክረው እኔ ነኝ። አስቀድመህ እወቀው፤ ያንተን ቁጥር ዝቅ አላደርገውም። 0.86 ነበር እላለሁ። ጠረንህ ከአንተ ቀድሞ እንደደረሰኝም እላለሁ። ቀጥዬ ጥር 15 ቀን 2015 መዝገቡ ላይ ያለው ዜሮ የእኔ ትንፋሽ እንደሆነ እናገራለሁ። የጂራታ ፎቶ በተሰቀለበት ቦታ ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ የሚገልጽ ወረቀት በማኅተም እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ለዚያም ሠላሳ ቀን ይበቃዋል። ሽልማቱን እንደማልቀበል ለደህንነት ኃላፊው ነግሬዋለሁ፤ “ትሕትናሽ ነው” ብሎ የምስክር ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦልኛል። ሰኞ ይገባዋል። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፤ ለዚያ ተዘጋጅቻለሁ፣ ሩትም ታውቃለች።

የምፈራው ሌላ ነው። ይህን ስናገር “ልጇን ለማዳን የፈጠረችው ነው፤ ሁሉም አጥፍቷል ለማለት ነው” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ እጠረጥር ነበር። ያን ጊዜ የጂራታ ነገር ተመልሶ ይዳፈናል። አንተ ግን እዚያ ተቀምጠህ በራስህ አፍ “ጠጥቼ ነበር፤ መግባት አልነበረብኝም” ካልክ እንዲህ ሊሉኝ አይችሉም። የምፈልግህ ለዚህ ነው። እኔን ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ ስለዚያ ዓርብ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። ፎቶውን ስለያዝኩበት እጄ ግን አለኝ። ኃላፊው አስጠጊው ሲለኝ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አንተን ከክሬኑ ማስቀረት የእኔ ሥራ ነበር፤ ፊትህን ለዓለም ማሳየት ግን ሥራዬ አልነበረም። ያን ጊዜ ልዩነቱን ለማሰብ ፋታ አልነበረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ቀነኒሳ ነው፤ ድሮ ከአባትህ ጋር በአንድ መኪና እየተቀያየሩ ይነዱ የነበረው። ነገ ከቃሊቲ ጭኖ ይነሣና ዓርብ ሎጊያ ይገባል፤ ጭነቱን ሰመራ አራግፎ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ቦታው ያንተ ነው ብሎኛል። ከተነሣችሁ እሑድ እኩለ ቀን ላይ እዚህ ትደርሳላችሁ። ምሳ ሳንበላ እንጠብቅሃለን።

አንድ ነገር ለቀነኒሳ ነግሬዋለሁ፤ ከእሱ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ቅዳሜ ጠዋት ጠጥተህ ከመጣህ እንዳይጭንህ ቃል አስገብቼዋለሁ። ቢያሳዝነውም፣ ብትለምነውም፣ ማንንም ብትጠራበት።

የአባቶችህ አምላክ በምትውልበትም በምታድርበትም አይለይህ። እጅህን ያበርታልህ፣ ልብህን ያሳርፍልህ፣ መንገዱን ቀና ያድርግልህ።

እናትህ
መሰለች